የሐሙሱ ጠርሙስ

አባባ ሰቦቃ ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት ዓርብ ማታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጎሮ ሙሉ ገዳያቸውን አግኝቶ ጨርሷል። ፖሊስ ገና የጫማውን ክር ሳያስር ሰፈሩ መርምሮ፣ ፈርዶ፣ ቁርሱን በልቶ ነበር። ገዳይ የተባለችው የገዛ ልጃቸው ቢሊሴ ናት። ጠዋት በእጇ አጠጣቻቸው፣ ማታ ሞቱ፤ ሌላ ምን ይፈለጋል?

ሌላ ነገር መፈለግ ደግሞ የኢንስፔክተር ራህማ ሙነወር ሥራ ነው። ሰኞ ጠዋት ጉዳዩ እጇ ሲገባ ከሳጅን ገሰሰ ጋር ጎሮ መንገድ ላይ ቆመው ነበር፤ ማለትም መኪናቸው ቆማለች፣ ራህማ አልቆመችም። ከፊታቸው አንድ ሲኖትራክና አንድ ሚኒባስ «እስቲ ታልፋለህ» በሚል ዓይን ተፋጠዋል። ራህማ በሩን ከፍታ ወረደች፣ መኪናዋን ዞረቻት፣ ተመልሳ አንገቷን በመስኮት አስገባች። እንዲህ ናት። መቀመጥ አይሆንላትም። ጣቢያ ያለው ወንበሯ የመጣበት ላስቲክ እንኳን አልተላጠለትም።

«እስቲ ከመጀመሪያው» አለች።

ገሰሰ መሪውን እንደ ትራስ ተደግፎታል። «ሟች የባህል መድኃኒት አዋቂ ናቸው። አንድ ሥር አላቸው፤ በአረቄ ዘፍዝፈው ለቁስልና ለሆድ ይሰጣሉ። ቦሌ ሚካኤል ጀርባ ያለው ላቦራቶሪ ሥሩን ባክቴሪያ ይገድላል ወይ ብሎ እየመረመረው ነው። ዓርብ ጠዋት ልጃቸው ከዚያው ከቤቱ መድኃኒት አንድ ሲኒ ሰጠቻቸው። ማታ አለቁ። ሆስፒታሉ ደማቸው ውስጥ ሜታኖል አገኘ።»

«የአረቄ ክፉ ወንድም።»

«ምን?»

«ሜታኖልን ነው። መልኩም ሽታውም አረቄ ይመስላል። መጀመሪያ ዓይን ይወስዳል፣ ቀጥሎ ሰውየውን። ቤት ያለው አረቄ ተመረመረ?»

«ንጹህ ነው። ሰፈሩ ግን "መርዙን ደፍታዋለች" ይላል።»

«ሰፈሩ ደግሞ የማይለው የለም።»

«ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለ ገሰሰ፣ አሁን ከመሪው ቀና ብሎ። «የሟች ወንድም ሌንጮ ምሏል። ልጅቷ መቃብሩ አጠገብ ከቆመች ሬሳው አይወርድም ብሏል። እኛም ብንሆን የያዝነው ሌላ ሰው የለም።»

ራህማ ሲኖትራኩን አየችው፣ ሚኒባሱን አየችው። «ስለዚህ እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ወይ አባቷን ትቀብራለች፣ ወይ ዕድሜዋን ሙሉ አልቀበረችም። ጋሼ ገሰሰ፣ በእግሬ ሄጄ ብቀድምህ እንዳትቀየመኝ።»

በእውነትም በእግሯ ቀደመችው።

ቢሊሴ ጣቢያ ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። ዓይኗ ደርቋል፤ ያለቀሰችው ሁሉ ቅዳሜ አልቋል። ራህማ ፊቷ ወዲያና ወዲህ ስትል በዓይኗ ተከተለቻት።

«አንቺ የኳስ ዳኛ ነሽ?» አለች ቢሊሴ።

«ብሆን ኖሮ ሰፈርሽን በሙሉ በቀይ ካርድ አስወጣው ነበር። ሐሙስ አባትሽ የት ዋሉ?»

«ላቦራቶሪው ጋ። ከአባባ ጋር ቅባት የሚሸጠው ይትባረክ በመኪናው መጥቶ ወሰደው። እግሩ ላይ የማይድን ቁስል አለበት፤ አባባ መድኃኒት ሊያጠጣው ነበር። ጠርሙሱን ከቤቱ ጋን የሞላሁለት እኔ ነኝ።»

«ይትባረክ ብቻ ነው የሚጠጣው?»

«አይደለም። አባባ ለማንም ሲሰጥ ቀድሞ ራሱ ይጠጣል። ታማሚው ሲኒ ሙሉ ከሆነ እሱም ሲኒ ሙሉ ነው። አያቴም እንደዚያ ነበር። "እኔ ያልደፈርኩትን ሰው አልጋብዝም" ይላል።» ራሷን አረመች። «ይል ነበር።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ማን የማያውቅ አለ።»

«ማታ ሲመለሱ እንዴት ነበሩ?»

«እንደ ሰካራም ይንገዳገድ ነበር። ደክሞት ነው ብዬ አስተኛሁት። ዓርብ ጠዋት ራሴን አለ፣ ሆዴን አለ። ከዚያ "ቤቱ ውስጥ ጉም ገባ እንዴ?" አለኝ። በር ዝግ ነው። ምን ጉም ይገባል?»

ራህማ ቆመች።

«ጉሙን ያዩት ሲኒውን ከመስጠትሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በፊት ነዋ። ታመምኩ ሲለኝ አይደል የሰጠሁት።»

«ይህን ለፖሊስ ነግረሻል?»

«ማን ጠየቀኝ» አለች ቢሊሴ።

ራህማ ከክፍሉ እንደወጣች ሆስፒታል ደወለች። ስልኩን በሁለት እጇ እየቀያየረች ኮሪደሩን ተመላለሰችበት። ሐኪሙ የነገራት ነገር የሰፈሩን ፍርድ ከሥሩ የሚነቅል ነበር፤ ሜታኖል እንደጠጡት ወዲያው አይገድልም። መጀመሪያ እንደ ስካር ያለ ነገር ነው። ዓይን የሚያጨልመው ብዙ ቆይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ነው። ዓርብ ጠዋት ጉም ያየ ሰው የጠጣው ሐሙስ ነው።

ሐሙስ ደግሞ አባባ ሰቦቃ የጠጡት ላቦራቶሪው ውስጥ ነው።

ላቦራቶሪው የመኖሪያ ቤት ነበር፤ ሳሎኑ ቢሮ ሆኗል፣ ማዕድ ቤቱ ባክቴሪያ ማሳደጊያ። ኃላፊው ዶክተር ሀብቶም ይባላል። ቀጭን፣ ፂሙን በደንብ የተላጨ፣ እስክሪብቶውን ሲጫን ሲለቅ የሚውል ሰው ነው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እሱና ራህማ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገቡ ገሰሰን ራሱን አዞረው።

«ሐሙስ እዚህ ማን ነበር?»

«እኔ፣ ሠራተኛዬ ልዩ፣ ይትባረክና አባባ ሰቦቃ። መድኃኒቱን ቢሮ ውስጥ ጠጡ። እኔ ስልክ ይዤ ውጭ ወጥቼ ነበር፣ ልዩ ሥራ ላይ ነበረች። ስመለስ ሲኒዎቹ ባዶ ነበሩ።»

«ጠርሙሱስ?»

«ረስተውት ሄዱ። ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቅዳሜ ለናንተ የሰጠሁት እኔ ራሴ ነኝ። ንጹህ ነው ተባለ አይደል?»

«ተባለ። እዚህ ቤት ሜታኖል አለ?»

ጠቅ፣ ጠቅ። «በበርሜል። ሥሩን የምንዘፈዝፈው በሱ ነው። ከዚያ ሜታኖሉን አትንነን እናስወጣና ዱቄቱ ይቀራል። የሚያቀርብልን ይትባረክ ነው። ዓርብም አምጥቶ አራግፎልናል።»

«ሥሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ ብለው የባለቤትነት መብት ማመልከቻ አስገብተዋል ይባላል።»

እስክሪብቶው ዝም አለ። «ማን አለ?»

«ቢሊሴ ኢንተርኔት ላይ አይታዋለች።»

«ሳይንሳዊ ስሙን ያወጣሁለት... እ... የእሳቸውን ስም ልጨምር ነበር።»

«መቼ? ለተዝካራቸው?»

ገሰሰ ወደ ራህማ ጠጋ ብሎ «ይኸው ሰውዬሽ» አላት በሹክሹክታ። እሷ ግን ወደ ማዕድ ቤቱ ሄዳለች።

ልዩ ነጭ ጋውን ለብሳ ክብ የፕላስቲክ ሳህኖች ትደረድራለች። ከቢሊሴ ብዙም አትበልጥም።

«ይህ ምንድን ነው? ጄሎ ይመስላል።»

«የባክቴሪያ ምግብ ነው። ባክቴሪያውን ላዩ ላይ እንቀባለን፣ ከዚያ መድኃኒቱን የነካ ትንሽ ክብ ወረቀት እናስቀምጥበታለን። ሌሊቱን ይበቅላል። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ወረቀቱ ዙሪያ ምንም አይበቅልም። ጥርት ያለ ቀለበት ይቀራል።»

«እንደ ክፉ ውሻ ግቢ። ዙሪያውን ማንም አይደርስ።»

ልዩ ሳትፈልግ ሳቀች። «እንደዚያ ነው።»

ራህማ አንዱን ሳህን ወደ ብርሃን አነሳችው። ሦስት ወረቀቶች አሉበት። አንደኛው ዙሪያ ደህና ቀለበት አለ። ሁለተኛው ባዶ ነው። ሦስተኛው ዙሪያ ያለው ቀለበት ግን ሳህኑን ግማሹን ወስዶታል።

«የመጀመሪያው?»

«የአባባ ሰቦቃ የሐሙሱ ጠርሙስ ነው። ወደዚህ ቤት የገባ ጠርሙስ ሁሉ አንድ ጠብታ ሳይሰጠኝ አያልፍም። የዶክተር ሕግ ነው። በር ላይ ተቀብዬ ጠብታዬን ወስጄ ነው ቢሮ የምመልሰው።»

«እንግዶቹ ያውቃሉ?»

«እነሱ ከረጢታቸውን ተቀብዬ ያኖርኩላቸው ነው የሚመስላቸው።»

«ሁለተኛው?»

«አረቄ ብቻ። ሥር የሌለበት። ወረቀቱ ሲደርቅ አረቄው ይተናል፣ ምንም አይገድልም። የሚገድለው ሥሩ መሆኑን የምናውቀው በዚያ ነው።»

«እሺ። ያ ትልቁ ጉልበተኛስ?»

ልዩ ሳህኑን ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችው። «እሱ ሌላ ነገር ነው» አለችና ክዳኑን ገጠመች።

ራህማ አልተጫነቻትም። ይልቅ ገሰሰን ጠርታ ቅዳሜ ፖሊስ የወሰደውን ጠርሙስ አስመጣች። ጠይም፣ ቡኒ ውኃ የመሰለ ነገር ግማሽ ያህል ይዟል።

«ጋሼ፣ እኔ አረቄ አላውቅም። አንተ ምሁር ነህ።»

ገሰሰ ቡሹን ነቅሎ አሸተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «አረቄ ናት። ከጥሩ ቤት የወጣች።»

«ልዩ፣ ከዚህም አንድ ጠብታ ሳህን ላይ አድርጊልኝ።»

«ውጤቱ ነገ ጠዋት ነው የሚታየው።»

«አሁን ማፍጠን አይቻልም?»

«ባክቴሪያ ፖሊስ አይፈራም» አለች ልዩ።

የይትባረክ ሱቅ ቦሌ ሚካኤል፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ተርታ ነው። መደርደሪያው ላይ ትንንሽ ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል፤ በያንዳንዱ ላይ የአባባ ሰቦቃ ፎቶ ፈገግ ብሏል። «የሰቦቃ ቅባት» ይላል። ሰውየው ሃምሳ የዘለለ፣ ሰፊና ጨዋታ አዋቂ ነው። የቀኝ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ግቢ ልጄ፣ ቁጭ በይ። ለስላሳ ይምጣልሽ?»

«ቆሜ ይሻለኛል። ሐሙስ እርስዎ ነዎት የወሰዷቸው?»

«እኔ ነኛ። መንገድ ላይ ሚካኤልን ሊሳለሙ ወረዱ፣ እንደ ልማዳቸው። እኔ በዚህ እግሬ የት እወርዳለሁ፤ መኪና ውስጥ ጠበቅኋቸው።»

«ከረጢታቸውን ይዘው ነው የወረዱት?»

«አዪ፣ ለመሳለም ከረጢት ምን ይሠራል።»

«ከዚያ ላቦራቶሪው ጋ ጠጡ።»

«ሁለታችንም ጠጣን። እሳቸው አንድ ሲኒ፣ እኔ አንድ ሲኒ፣ ከአንድ ጠርሙስ።» ደረቱን መታ። «ይኸው ዓይኔ አንቺን ያያል። ያውም አጥርቶ።»

«ዓይንዎን ይጠብቁት፣ ምስክር ሊሆን ይችላል። ታዲያ ማን ገደላቸው ይላሉ?»

ይትባረክ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቷን እንኳ አልልም። ግን አባባ ሰቦቃ ለቅዳሜ የጎሮን ሽማግሌዎች ጠርተው ነበር። የሚናገሩት ነገር ነበራቸው። ዶክተሩ ሥራቸውን በስሙ እንዳደረገባቸው ሰምተሻል? እንግዲህ አንቺ ፖሊስ ነሽ።»

ያን ሌሊት ራህማ እንቅልፍ አልያዛትም። ሐሙስ የገባው መርዝ ዓርብ ወዴት ሄደ? የጠጣ ሰው ሞቷል፣ የጠጣበት ጠርሙስ ጤነኛ ነው። ይህ ነገር እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር እየቆረቆራት አነጋችው።

ማክሰኞ ገና ሳይረፍድ ልዩ ለእሷና ለገሰሰ በሩን ከፈተችላቸው። ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ባክቴሪያው ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ለብሶታል። ቀለበት የለም፤ የቀለበት ዘርም የለም።

«ይህ የአባባ ሰቦቃ መድኃኒት አይደለም» አለች ልዩ፣ ቀስ ብላ። «አንድም ቀን እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

ራህማ ጠርሙሱን ገልብጣ ወደ መስኮቱ ያዘችው። ከታች የዘቀጠውን ፍርፋሪ በማንኪያ አወጡት። ሥር አልነበረም። የተጠቀለለው ቅጠል በውኃው ተፈትቶ ጠርዙ ሳይቀር ይታያል።

«ሻይ ቅጠል» አለች ልዩ።

«ሻይ ቅጠል» አለች ራህማ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰችም፤ ገሰሰ አመማት እንዴ ብሎ ደነገጠ። «ልዩ፣ አሁን ያንን ትልቁን ቀለበት ንገሪኝ። ማንም አይቆጣሽም።»

ልዩ በሩን ዘጋችና ነገረቻት።

ከሰዓት በፊት ጎሮ፣ አባባ ሰቦቃ ግቢ ውስጥ ድንኳኑ ሞልቷል። ራህማ ሰዎቹን ወደ ውስጠኛው ክፍል ጠራቻቸው፦ ዶክተር ሀብቶም፣ ልዩ፣ ይትባረክና የሟች ወንድም ሌንጮ። ገሰሰ ቢሊሴን ይዞ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ።

ሌንጮ ዱላውን ወለሉ ላይ ተከለ። «ይህቺን ልጅ ከፊቴ አንሱ።»

«አቶ ሌንጮ፣ ትንሽ ብቻ ይታገሱኝ» አለች ራህማ። «ካልጣመዎት ዱላውን በእኔ ይጀምሩታል።»

ትሪ ላይ ሦስት ሲኒ አስቀመጠች፤ ቡኒ ነገር ተሞልተዋል።

«ልዩ ከሐሙሱ ጠርሙስ ጥቂት አስቀርታ ኖሯል። ጠርሙሱ ንጹህ መሆኑን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ሆስፒታል መርምሮታል። አባባ ሰቦቃ ለማንም ሳይቀምሱ ሰጥተው አያውቁም። ዛሬ አብረዋቸው የሠሩት ይቅመሱላቸው። ዶክተር፣ ልዩ፣ አቶ ይትባረክ።»

ልዩ ሲኒዋን አነሳች። ይትባረክ እጁ ጉልበቱ ላይ ቀረ።

«እኔ እንኳ የሐኪም መድኃኒት ጀምሬያለሁ» አለ።

«ሐሙስ ግን ጠጥተዋል።»

«ሐሙስማ... አዎ።»

«ያው ነው እንግዲህ። ዶክተር፣ እርስዎ ይጀምሩ።»

ዶክተር ሀብቶም ትከሻውን ነቅንቆ ሲኒውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«አትጠጣው» አለ ይትባረክ።

ጮኾ አልነበረም የተናገረው። ቃሉ ከአፉ ያመለጠው እሱ ሳያውቅ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደሱ ዞረ። ዶክተሩ ሲኒውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

«ለምን?» አለች ራህማ።

ይትባረክ የእግሩን ፋሻ ማስተካከል ጀመረ።

«ይጠጡት ዶክተር፤ ሻይ ነው። ስኳር የለውም ብቻ።» ራህማ መዞር ጀመረች፤ በሌንጮ ዱላ በኩል አልፋ፣ በመስኮቱ በኩል ተመለሰች። «አሁን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አባባ ሰቦቃ ጉም ያዩት ቢሊሴ ሲኒውን ከመስጠቷ በፊት ነው። ሜታኖል ዓይን የሚይዘው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የጠጡት ሐሙስ ነው፣ ከያዙት ጠርሙስ። ግን ጠርሙሱ ሲመረመር ንጹህ ሆነ። እዚህ ጋ ሁላችንም ተሸወድን፤ እኔም ጭምር።»

«ታዲያ ጠርሙሱ ንጹህ ከሆነ...» አለ ሌንጮ።

«ጠርሙሱ ያው ነው፣ ውስጡ ነው የተለወጠው። ሐሙስ ልዩ አንድ ጠብታ ወስዳ ባክቴሪያ ላይ አድርጋ ነበር፤ ዙሪያውን ገድሎታል፣ ሥሩ አለበት ማለት ነው። ቅዳሜ ከተወሰደው ጠርሙስ ሰኞ ጠብታ አስደረግሁ፤ ባክቴሪያው እንደ ሣር በቀለበት። ውስጡ ያለው አረቄና ሻይ ነው። አንድ ሰው መርዙን ደፍቶ፣ አጥቦ፣ በሚመስል ነገር ሞላው። ቢሊሴ ላቦራቶሪውን ረግጣ አታውቅም። ጠርሙሱ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ እዚያ ነው የቆየው። ስለዚህ ሦስት ሰዎች ቀሩን።»

ዶክተሩ ሻዩን አስቀመጠ። እስክሪብቶውን ፈለገ፣ አጣው።

«ሳጅን ገሰሰ ዶክተሩን ነበር የጠረጠረው። ሥሩን በስሙ አድርጓል፤ ያ ሌብነት ነው፣ በሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። ግን የገባ ጠርሙስ ሁሉ ጠብታ ይስጥ ብሎ ሕግ ያወጣው ራሱ ነው። ልዩ ደግሞ ጠብታውን የምትወስደው ራሷ ናት። ሁለቱም ጠርሙሱን ቢለውጡት ከመደርደሪያቸው የሥር ዱቄት አንስተው አረቄው ውስጥ ይጨምሩ ነበር፤ ባክቴሪያውን ካልገደለ እንደሚነቃባቸው ያውቃሉ። መድኃኒት ማለት መልክና ሽታ ነው ብሎ ሻይ የሚጨምር፣ ስለ ጠብታዋ ያልሰማ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ዓርብ በርሜል ሊያራግፍ ገብቷል። ሐሙስ አባባ ሰቦቃ ሚካኤልን ሲሳለሙ ከከረጢታቸው ጋር መኪና ውስጥ ብቻውን ነበር። ሜታኖል ደግሞ ሸቀጡ ነው።»

«ብዙ ሰው ሜታኖል ይሸጣል» አለ ይትባረክ። ድምፁ ደርቋል።

«ይሸጣል። ነገር ግን ከዚያ ጠርሙስ ሲኒ ሙሉ ጠጥቻለሁ ብሎ ዛሬ አጥርቶ የሚያይ አንድ ሰው ብቻ ነው። የአባባ ሰቦቃን ልማድ ሁሉም ያውቃል፤ ቀድመው ይጠጣሉ። ገዳያቸው ማስገደድ አላስፈለገውም። መታመም፣ ተራውን መጠበቅና የራሱን ሲኒ ደብቆ መድፋት ብቻ ነው የነበረበት።»

ሌንጮ ወደ ይትባረክ ዞረ። «ምን በደለህ?»

ይትባረክ ወለሉን አየ። ስለዚህ የመለሰችው ልዩ ናት፤ እንባዋ እየወረደ።

«አባባ ሰቦቃ ይትባረክ በፎቷቸው የሚሸጠውን ቅባት እንድመረምርላቸው ለምነውኝ ነበር። ያ ትልቁ ቀለበት የሱ ነው፤ ሥሩ ከሚገድለው ብዙ እጥፍ ገደለ። ሥር አይደለም፤ የተፈጨ የፋርማሲ ክኒን ነው፣ አንቲባዮቲክ። እንደዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲቀባ ባክቴሪያው ይለምደዋል፤ ቁስሉ የዳነ መስሎ ተመልሶ ሲመጣ የሚመልሰው መድኃኒት አይገኝም። ስነግራቸው "በኔ ፎቶ?" ብቻ ነው ያሉኝ። ቅዳሜ ለሽማግሌዎቹ ሊናገሩ የነበረው እሱን ነው። ለማንም አልተናገርኩም። እኔ የተናገርኩት ነገር ያስገደላቸው መስሎኝ ፈራሁ።»

«ልገድለው አልነበረም» አለ ይትባረክ በመጨረሻ። «ሁለት ሦስት ቀን ይተኛልኝ ብዬ ነው። ቅዳሜ እስኪያልፍ። ንግዴን ሊያጠፋብኝ...» ቃሉን አልጨረሰውም። ገሰሰ በሩን ለቆ መጣና ክንዱን ያዘው፤ ያን ሰፊ ሰው ሲያስነሳው እንደ ባዶ ከረጢት ተነሳለት።

ቢሊሴ ከጣቢያ የመጣችው በያዟት ቀን በለበሰችው ቲሸርት ነው፤ ለለቅሶ የሚሆን ምንም አልደረበችም። ሌንጮ ተነሳ፣ የራሱን ነጠላ ከትከሻው ገፎ በእሷ ላይ ጣለው፣ ጫፉን በሁለት እጁ አስተካከለላት። ከሱ ዘንድ ይቅርታ ማለት ይኼው ነበር፤ እሷም ገባት።

ወደ ውጭ ሲወጡ ቢሊሴ የራህማን ክንድ ያዘች።

«ዓርብ የሰጠሁት ሲኒ... ምንም አላደረገውም?»

ራህማ ይህ ጥያቄ እንዳይመጣ ስትሸሽ ነበር የዋለችው። «አድርጎታል። ሜታኖልን መርዝ የሚያደርገው ሰውነት ሲፈጨው ነው። አረቄ ሲያገኝ ግን አረቄውን ያስቀድማል፣ መርዙ ተራ ይጠብቃል። ያንቺ ሲኒ ትንሽ አቆየልሽ።»

«ለዚያ ነው አንዴ ጉሙ ቀለል አለኝ ያለው።» ቢሊሴ ነጠላውን ጨበጠች። «ሌላ ድገሚኝ ብሎኝ ነበር። ጎረቤቶቹ "በሽተኛ ታሰክሪያለሽ" አሉኝ። አልሰጠሁትም። ብደግምለት ኖሮስ?»

ያን ጠዋት ራህማ ሆስፒታል ደውላ ይህንኑ ጠይቃ ነበር። ሐኪሙ ጥቂት አስቦ «ማን ያውቃል፤ በጊዜ ቢደርሱን ምናልባት» ብሏት ነበር።

«ሲኒ አያድንም ነበር» አለች ራህማ። «የሚያድነው ሆስፒታል ነው። አንቺ ደግሞ ወስደሻቸዋል።»

ቢሊሴ ዓይኗን አልነቀለችም። «እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በሰዉ መሀል አለፈች። ቅዳሜ የፈረዱባት አፎች ሁሉ መንገድ ለቀቁላት። ቃሬዛው ሲነሳ ከፊት፣ ከአጎቷ ጎን ነበረች።

ገሰሰ ይትባረክን መኪና ውስጥ ቆልፎበት ወደ ራህማ መጣ። የተባባሉትን ሁሉ ይትባረክን ይዞ በሩ ላይ ሳለ ሰምቷል።

«እውን አያድናቸውም ነበር?» አላት።

ራህማ ሕዝቡን እያየች ቁልፉን ከእጁ ወሰደች።

«ጋሼ ገሰሰ፣ መንገዱ ሳይዘጋ እንሂድ» አለችው።